ሐኪም ብቻ ሳይሆን ተመራማሪም ያስፈልገናል

በትምህርት ቤታችን ያለን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች «ወደፊት ምን ለመሆን ታስባላችሁ?» ተብለን ስንጠየቅ ብዙዎቻችን «ሐኪም» ብለን እንመልሳለን። ምኞቱ መልካም ነው፤ ወላጆችን ደስ ያሰኛል፤ አገርንም ይጠቅማል። ነገር ግን «ሐኪም ሆናችሁ ምን ትሠራላችሁ?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ሲከተል፣ አንዱ «መድኃኒት አዝዛለሁ» ይላል፤ ሌላዋ «ቀዶ ሕክምና እሠራለሁ» ትላለች። «እስከ ዛሬ ያልታወቀውን በሽታ እመረምራለሁ» የሚል ግን አልሰማሁም። በእኔ አስተያየት ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ምክንያቱንም ለውድ አንባብያን በአጭሩ ላስረዳ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልኝ።

ለምሳሌ የመረጥሁት መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለውን የነርቭ በሽታ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ያሉት ነርቮች እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ናቸው ብንል ከእውነት አንርቅም። ሽቦ በላስቲክ እንደሚሸፈን ሁሉ ብዙዎቹ ነርቮችም ማይሊን በሚባል ስብ መሳይ ነገር ተሸፍነዋል። በዚህ በሽታ ጊዜ ከተሕዋስያን ሊጠብቁን የተፈጠሩት የሰውነት ወታደሮች ተሳስተው የገዛ ቤታቸውን ይወጋሉ፤ የአንጎልንና የሠረሠርን ነርቮች ልባስ ይልጣሉ። ልባሱ በተላጠበት ቦታ መልእክት ይዘገያል ወይም ይቋረጣል። ስለዚህ አንዱ ዓይኑ ይፈዝዛል፤ ሌላው እግሩ ይደነዝዛል፤ ሦስተኛው ሲራመድ ይንገዳገዳል። ብዙ ጊዜም በሽታው ይመጣል፣ ይተዋል፣ ደግሞ ይመለሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘውም ከሃያ እስከ አርባ ዓመት ያሉትን፣ ከወንዶችም ይልቅ ሴቶችን ነው።

ይህን ሁሉ እንዴት ልናውቅ ቻልን? በትዕግሥት ከመረመሩ ሰዎች ነው። በ1868 ዣን ማርተን ሻርኮ የተባለ የፈረንሳይ ሐኪም በፓሪስ በሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ሕሙማኑን በሕይወት ሳሉ ሁኔታቸውን እየጻፈ፣ ከሞቱም በኋላ አንጎላቸውን እየመረመረ በሽታውን ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ ለየው። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሐኪሞች ቁስሉን በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ አጥርተው ማየት አልቻሉም ነበር። በ1981 የለንደን ተመራማሪዎች ኤምአርአይ በተባለው መሣሪያ ቁስሉን በሕያው ሰው ላይ አሳዩ። መሣሪያው የሚሠራው በኃይለኛ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ነው፤ እንደ ራጅ ጨረር የለውም። ቁስሉ በሥዕሉ ላይ እንደ ነጭ ነጥብ ይታያል፤ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ሲጨመር ደግሞ አዲሱ ቁስል ከአሮጌው ይለያል። እንግዲህ ቁስልን መቁጠር ሲቻል አንድ መድኃኒት ይሠራል ወይስ አይሠራም ብሎ መመዘንም ተቻለ። በ1993 ኢንተርፌሮን ቤታ የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ሲፈቀድ የአንጎል ሥዕሎቹ ከማስረጃዎቹ መካከል ነበሩ። ስለዚህ ሥዕሉና መድኃኒቱ እንደ ቀንበርና ሞፈር ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው አያርስም።

ይህን አሳብ በክፍላችን ክርክር ላይ ባቀረብሁ ጊዜ አንድ ጓደኛዬ ተነሥቶ «ይህ የባለጸጋ አገር በሽታ ነው፤ እኛ በዲምቱ ወባ አለን፤ ቢላቴ አጠገብ እየኖርን ስለ አንጎል ሥዕል ማውራት ቅንጦት ነው» አለ። ብዙዎች አጨበጨቡለት። እርግጥ ነው፣ ወባ ይቀድማል። ነገር ግን ወባን የምንከላከልበት አጎበር ከየት መጣ? በ1880 ላቨራን በአልጄሪያ የወባን ተሕዋስ በሰው ደም ውስጥ ባያይ፣ በ1897ም ሮስ በሕንድ አገር ተሕዋሱ በትንኝ ሆድ ውስጥ እንደሚያድግ ባያሳይ ኖሮ አጎበሩን ማን ያስበው ነበር? ስለ ወባ የሚከራከር ሰው ስለ ምርምርም መከራከሩ ነው።

ደግሞም በሽታው የሌላ አገር ብቻ አይደለም። የእናቴ ታናሽ እህት ገና ወጣት ሳለች አንድ ዓይኗ ፈዘዘ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ተመለሰላት። ከዓመት በኋላ እግሮቿ ደነዘዙ። ሲተዋት «ዳነች» ተባለ፤ ሲመለስባት «ልክፍት ነው» ተባለ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትወሰድ ሁለት በሬና አንድ ላም ተሸጡ። በአራተኛው ዓመት በአዲስ አበባ ኤምአርአይ ተነሥታ የበሽታዋ ስም ተነገራት። ዛሬ በምርኩዝ ትሄዳለች። ይህ በሽታ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስከ አሁን የለውም፤ ነገር ግን መድኃኒት ቶሎ ሲጀመር ጉዳቱ እንደሚቀንስ ታውቋል። እንግዲህ እኔን የሚቆጨኝ የከብቶቹ መሸጥ ሳይሆን ያለ ስም ያለፉት አራት ዓመታት ናቸው።

በአገራችን የዚህ በሽታ ሰዎች ጥቂት ናቸው ይባላል። በእውነት ጥቂት ናቸው ወይስ አልተቆጠሩም? የመቁጠርን ጥቅም ለማስረዳት የፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትን ሥራ መጥቀስ ይበቃል። እኚህ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ የነርቭ ሐኪም ሕሙማን ወደ ሆስፒታል እስኪመጡ አልጠበቁም። ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸውና ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ከእኛ ብዙ በማይርቀው በቡታጅራ አካባቢ ከቤት ወደ ቤት ጥናት አካሄዱ። የሠለጠኑ ጠያቂዎች በየጎጆው እየገቡ ጠየቁ፤ የተጠረጠሩትን ደግሞ ሐኪም መረመራቸው። በ1990 በታተመው ውጤት ከ60,820 ሰዎች መካከል 316ቱ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሆነው ተገኙ፤ ይኸውም ከሺሁ ሰው አምስት ያህሉ ማለት ነው። ሕዝቡ በሽታውን የርኩስ መንፈስ ሥራ አድርጎ እንደሚቆጥረው፣ ሲጥለውም የነኩት ሰው ይጋባበታል ብሎ እንደሚፈራ በ1991 ባወጡት ሌላ ጽሑፍ አስረዱ። የሚጥል በሽታ ግን በመንካት አይጋባም፤ ብዙውን ሰው የሚረዳ ርካሽ ኪኒንም አለ። ከመቁጠሩ በፊት እነዚያ 316 ሰዎች በየጓዳው ተደብቀው ነበር፤ ከተቆጠሩ በኋላ ግን አገር «የሉም» ሊላቸው አይችልም።

እኚሁ ሊቅ በደምቢያና በፎገራ ደግሞ የጓያን ነገር መርምረዋል። ጓያ በድርቅ ጊዜ ሌላው እህል ሲጠፋ የሚበቅል ጥራጥሬ ነው፤ ድኻውም ብዙ ወራት እርሱን ብቻ ሲበላ በውስጡ ያለው መርዝ እግርን ያሽመደምዳል። ዘፍዝፎ ወይም ቀቅሎ ውሃውን መድፋት መርዙን እንደሚቀንስ በምርምር ታውቋል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ፓሪስም ለንደንም አይመልሱልንም፤ በሽታው በእኛ ማሳ ላይ ስለሆነ መልሱም ከእኛ ይጠበቃል።

ስለ መልቲፕል ስክለሮሲስም እንደዚሁ ነው። በ2022 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መዝገብና ተጠብቆ የቆየ ደም መርምረው ኤፕስታይን ባር የተባለው ቫይረስ ከያዛቸው በኋላ በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው 32 ጊዜ እንደሚጨምር አሳዩ። ይህ ቫይረስ ግን በዓለም ላይ ሁሉን ሰው ለማለት በሚያስደፍር መጠን ይይዛል፤ እንደ እኛ ባለው አገር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ገና በሕፃንነት ይይዛል። በባለጸጋ አገር ግን ብዙዎችን የሚይዛቸው ዘግይቶ፣ በጉርምስና ወይም በወጣትነት ጊዜ ነው። ታዲያ በልጅነት መያዝ ይጠብቅ ይሆን? ወይስ ፀሐያችን? ወይስ ትውልዳችን? ወይስ ጠባቂ የሚመስለን የኤምአርአይ እጥረት ብቻ ነው? ይህ ጥያቄ ከመላው ዓለም ወደ 2.9 ሚሊዮን ለሚደርሱ ሕሙማን የሚጠቅም ነው፤ መልሱም ምናልባት በእኛው መንደር ይገኝ ይሆናል። የሚፈልገው ሰው ግን ከየት ይመጣል?

ተስፋ የሚሰጡ ነገሮች አሉ። በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ተጀመረ፤ ከዚያ በፊት በአገሪቱ የነበሩት የነርቭ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ2023ም የዓለም ጤና ድርጅት የዚህን በሽታ ሦስት መድኃኒቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባ። ዝርዝር ብቻውን ኪኒን አይሆንም፤ ቢሆንም አንድ መንግሥት «ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም» እንዳይል ያደርገዋል። እኛም ሕሙማኖቻችንን ቆጥረን ካላሳየን መድኃኒቱ ለስንት ሰው ይገዛልን?

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ይህ ለአንድ ሰው እንደሚሠራ ሁሉ ለአንድ አገርም ይሠራል። ስለዚህ ለሦስት ወገኖች ልመናዬን አቀርባለሁ። ውድ ወላጆች ሆይ፤ የሚጥለውን ልጅ፣ እግሯ የደከመውን ሴት ከጓዳ አትደብቁ፤ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ፣ መቼ ጀመረ፣ መቼ ተወ የሚለውንም ጻፉ ወይም አስጽፉ፤ ለሐኪሙ ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው። ክቡራን መምህራን ሆይ፤ ስለ ነርቭ ስታስተምሩን መልሱ የታወቀውን ብቻ ሳይሆን ያልታወቀውንም ንገሩን፤ ለመጓጓት የሚያነሣሣው እርሱ ነውና። ወንድሞቼና እህቶቼ ሆይ፤ ሒሳብን ለፈተና ብቻ አንማር፤ 316ን ለ60,820 ማካፈል የአንድን ሕዝብ ስቃይ የሚገልጽ ሥራ ሆኖ አይተነዋልና።

እኔ በበኩሌ ውጤቴ ከፈቀደ ሕክምና ልማር፣ ከዚያም የነርቭ ተመራማሪ ልሆን ቆርጫለሁ። ባይሳካልኝ ከየቤቱ እየጠየቀ መዝገብ የሚይዝ ሰውም ያስፈልጋልና በዚያ እሠራለሁ። ከክፍላችን ግን አንድ እንኳ ተመራማሪ ቢወጣ፣ ለሌላ ሰው ያለ ስም የሚያልፉት አራት ዓመታት ወደ አራት ሳምንት ሊያጥሩ ይችላሉ፤ ይህም ከማንኛውም ማዕረግ ይበልጣል።