የሕፃኗ ክንድ እና የሁለት ዓመቱ ይርጋ

አንዲት የዚህ ዓምድ አንባቢ የሆኑ አያት ሰሞኑን ደውለው የጠየቁኝ ጥያቄ ለሌላም ቤት ስለሚጠቅም የዛሬውን ቦታ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። የሴት ልጃቸው ልጅ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆኗታል። ስትወለድ ጭንቅላቷ ከወጣ በኋላ ትከሻዋ ተይዞ ቀረ፤ አዋላጆቹ ተረባርበው ጎትተው አወጧት። እናትም ልጅም ተረፉ። የሕፃኗ ቀኝ ክንድ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ግራው አይነሳም። ብስኩት ሲሰጧት የምትቀበለው በግራዋ ነው። አባትየው «እከሳለሁ» ይላል። የቤቱ ሽማግሌዎች ደግሞ «ነፍሷን ያተረፈላችሁን ሐኪም? ተመስገን በሉ እንጂ» ይላሉ። አያትየው መሐል ቤት ገብተው «ነውር ነው እንዴ?» አሉኝ።

ነውር አይደለም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምንለው በከንቱ አይደለም፤ ከምጥ በሰላም የተመለሰች ሴት ያላት ቤት ማመስገኑ ተገቢ ነው። ነገር ግን ምስጋና ሌላ፣ የልጅቷ የሕክምና ወጪ ሌላ። የማይታዘዝ ክንድ ያላት ልጅ ለዓመታት ፊዚዮቴራፒ ያስፈልጋት ይሆናል፤ ምናልባትም ቀዶ ሕክምና። ያንን ማን ይክፈል የሚለው የሐኪሙን ስም ማጥፋት አይደለም፤ የቤተሰብ የኑሮ ጥያቄ ነው።

ለአባትየውም የሚነገር አለ። ጉዳት ሁሉ ጥፋት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2647 ሐኪምን ተጠያቂ የሚያደርገው የሙያውን ደንብ ሲመዘን ጥፋት ሠርቶ ሲገኝ ብቻ ነው። የትከሻ መያዝ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ሲያጋጥም በደቂቃዎች ውስጥ ሕፃኑን ማውጣት ግድ ነው፤ በደንቡ መሠረት ተሠርቶም የክንዱ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «ለምን ተጎዳች?» ሳይሆን «በእነዚያ ደቂቃዎች ምን ተደረገ?» ነው። እናትየዋ የስኳር ሕመም ነበረባት? የፅንሱ መግዘፍ ተነግሯት ነበር? ከፍተኛ ባለሙያ ተጠርቶ ነበር? እግሮቿን ወደ ሆዷ አጥፈው ነበር? አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ጠይቋት፤ ሆዷን ከላይ፣ ከእምብርቷ በላይ የተጫናት ሰው ነበር? ትከሻ ሲያዝ ከብልት አጥንት ከፍ ብሎ መግፋት ትክክለኛ እርዳታ ነው። የማሕፀኑን አናት ከላይ መጫን ግን የማይደረግ ነው፤ ትከሻውን ይብስ ያጣብቀዋል።

የዚህ ሁሉ መልስ ያለው ካርዱ ላይ ነው። የምጡን ሂደት የሚያሳየው ፓርቶግራፍ የሚባለው ቅጽ፣ የፅንሱ የልብ ምት የተመዘገበበት ሰዓት፣ ጭንቅላት የወጣበትና ሰውነት የወጣበት ጊዜ፣ የልደት ክብደት፣ በአንደኛውና በአምስተኛው ደቂቃ የተሰጠው የአፕጋር ነጥብ፣ የሪፈር ወረቀት ካለ እሱም። የእነዚህን ቅጂ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ማመልከቻችሁን ሁለት አድርጋችሁ በአንዱ ላይ የገቢ ማኅተም አስመቱበትና ቤት አስቀምጡት። «ካርዱ ጠፋ» ወይም «አንሰጥም» ቢሏችሁ ያ ማኅተም ይናገራል፤ ክስ ከተከፈተ በኋላ ፍርድ ቤቱ ካርዱ እንዲቀርብ ማዘዝ ይችላል። እናትየዋም የምታስታውሰውን ዛሬውኑ ትጻፍ። አጠገቧ የነበረው ሰው ለብቻው ይጻፍ፤ ተመካክሮ የተጻፈ ትዝታ መስቀለኛ ጥያቄ አይችልም።

አሁን ወደሚያስቸኩለው ልምጣ። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት፤ ቁጥር 2143 ነው። ይህች ሕፃን አንድ ዓመት ከሰባት ወሯ ነው። የቀራቸው አምስት ወር ነው ማለት ነው። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከሁለት ዓመት ከረዘመ ካሳውም በዚያው ይራዘማል ይላል ሕጉ። ከሐኪም ቤት ጋር የነበረው ግንኙነት ውል ነው፣ የውል ይርጋ ደግሞ አሥር ዓመት ነው ብለው የሚከራከሩ ጠበቆችም አሉ። ክርክር ነው። ጊዜው ላለፈበት ሰው ይጠቅም ይሆናል፤ ጊዜ ያለው ሰው ግን በእሱ ተማምኖ ሊተኛ አይገባም። የሆስፒታሉ ጠበቃ ገና ከመጀመሪያው፣ ፍሬ ነገሩ ሳይነካ፣ የሚያነሳው መቃወሚያ ይርጋ ነው። ጊዜው ሲያልፍ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተንኮል የለበትም። አንዱ «ስታድግ ይስተካከልላታል» ይላል፤ ሌላው ጠበል ይላል፤ ጾም ይገባል፤ ክረምት ይሆናል።

አቤቱታ የሚቀርብባቸው በሮች ሦስት ናቸው፤ ሰው ያምታታቸዋል። የጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ የባለሙያውን አሠራር መርምሮ በፈቃዱ ላይ እርምጃ እንዲወሰድ ያደርጋል። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ወንጀሉን ይይዛሉ፤ በቸልተኝነት አካል ማጉደል በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 559 የተደነገገ ነው። ካሳ የሚፈርደው የፍትሐ ብሔር ችሎት ነው። ኮሚቴው የሚሰጠው የሙያ አስተያየት በፍርድ ቤት ትልቅ ክብደት ስላለው ቶሎ ማመልከቱ ተገቢ ነው። «የኮሚቴው ደብዳቤ እስኪመጣ» ብሎ ክሱን ማቆየት ግን አደገኛ ነው፤ ሁለቱ ዓመት የሚጠብቃችሁ አይምሰላችሁ። በወንጀል ነጻ ተባለ ማለትም የካሳው ነገር አበቃ ማለት አይደለም፤ በቁጥር 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በወንጀል ነጻ መውጣቱ አያስረውም።

የሚከሰሰውስ ማን ነው? አያትየው ያሳዘነቻቸው አንዲት ወጣት አዋላጅ ናት፤ «እሷን ልጅ አስይዤ?» ብለውኛል። ቁጥር 2651 ላይ ሐኪም ቤቱ ለቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት ራሱ ኃላፊ ነው። ካሳውን ከተቋሙ መጠየቅ ይቻላል፤ ከወር ደመወዝተኛዋ ኪስ የሚወጣ ነገር አትፈልጉ፤ ቢፈልጉትም አይገኝም።

ስለ ገንዘቡ ሳንደባበቅ እንነጋገር። ፍርድ ቤት በዋናነት የሚፈርደው በማስረጃ የታየውን ኪሳራ ነው፤ ሕክምናውን፣ ታክሲውን፣ እናትየዋ ልጅ ይዛ ለመመላለስ የተወችውን ደመወዝ፣ ወደፊት መምጣቱ የተረጋገጠውንም ወጪ። ለዚህ ነው ደረሰኝ የማይጣለው። ለኅሊና ጉዳት፣ ማለትም ለሐዘኑና ለጭንቀቱ፣ ሕጉ ያስቀመጠው ጣሪያ አንድ ሺህ ብር ነው። ስነግራቸው «አንድ ሺህ? ዶሮ ልትገዛበት ነው?» አሉ። በ1952 ዓ.ም. አንድ ሺህ ብር ገንዘብ ነበር፤ ዛሬም ቁጥር 2116 ላይ እዚያው ቆሟል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ይህ ቁጥር መሻሻል ከነበረበት ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስለዚህ የክሱን ገንዘብ በዕንባ ሳይሆን በወጪ ስሌት ገንቡት።

ሽማግሌዎቹንም አልርሳ። ሐኪም ቤቱ ሽምግልና ቢልክ አትግፉት፤ ፍርድ ቤት ከሚያመላልሳችሁ በስምምነት ቢያልቅ የሚጠላ የለም። ግን የተፈረመ ዕርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል፤ ቁጥር 3312 ነው። «ለታክሲ ትሁናችሁ» ተብላ ከምትሰጥ ትንሽ ብር ጋር «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የምትል ወረቀት ብትመጣ ጠበቃ ሳያያት ማንም እንዳይፈርም። የክንዷ የመጨረሻ ሁኔታ ገና አልታወቀም እኮ።

ጠበቃ መቅጠር የማይችል ቤተሰብ በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ያሉትን የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ይሞክር፤ ለእናቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አለ። የዳኝነት ክፍያው በተጠየቀው ካሳ ልክ ስለሚያድግ ያስደነግጣል፤ መክፈል አለመቻሉን ያስረዳ ሰው በደሃ ደንብ እንዲከስ ሊፈቀድለት ይችላል።

የልጅቷ ሕክምና ግን ችሎት አይጠብቅም። እንዲህ ያለው የነርቭ ጉዳት በአብዛኞቹ ሕፃናት ላይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሻላል፤ ያልተሻለው ቶሎ በልዩ ሐኪም መታየት ነበረበት። እስካሁን ካልታየች በዚህ ሳምንት ትታይ፤ ሐኪሙም የክንዷ እንቅስቃሴ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ በጽሑፍ ይስጣችሁ። ያ ወረቀት ለፊዚዮቴራፒስቱም ለጠበቃውም ያስፈልጋል።