ወባ ከአልጌ ጋር ምን አገናኛት?

በቆላ አገር የሚያስተምር አንድ ወንድማችን አምና ብርድ ብርድ ሲለውና ሲያንቀጠቅጠው «ወባ ናት» ብሎ ራሱ ፈረደና ለቁስል ታዝዘው ከቤት የተረፉ የዶክሲሳይክሊን ካፕሱሎችን መዋጥ ጀመረ። ትኩሳቱ ስለባሰበት ጤና ጣቢያ ተወሰደ፤ ደሙ ሲመረመር በርግጥም ወባ ነበረች፤ ተገቢው መድኃኒት ተሰጥቶት ዳነ። ኋላ ስንጠይቀው «ለወባም ይሆናል ሲሉ ሰምቼ ነው» አለን። የሰማው ሐሰት አልነበረም፤ ያልሰማው ነገር ነበር እንጂ።

ዶክሲሳይክሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው። የወባ ተውሳክ ደግሞ ባክቴሪያ አይደለችም። ታዲያ ምኗን ያገኘዋል?

እኛ መምህራን ክሎሮፕላስትን በአረንጓዴ ጠመኔ ሥለን፣ በፀሐይ ብርሃን ለቅጠል ምግብ የሚሠራ ነው ብለን እናልፋለን። በሰው ደም ውስጥ፣ በጨለማ የምትኖረው የወባ ተውሳክም የዚሁ ዘመድ የሆነ፣ አፒኮፕላስት የሚባል ክፍል በውስጧ ይዛለች። የራሱ ክብ ዲ.ኤን.ኤ. አለው፤ ርዝመቱ 35 ሺህ ያህል የዘር ፊደል ነው። ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት የማይቶኮንድሪያ መስሏቸው ነበር። ኢያን ዊልሰንና ባልደረቦቹ በለንደን ሙሉውን አንብበው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲያወጡት የክሎሮፕላስት ወገን ሆኖ ተገኘ፤ ከብርሃን ምግብ የሚሠሩት ጂኖች ግን አንድም አልቀሩም።

እንዴት ገባ? ተመራማሪዎች እንደሚሉት የተውሳኳ ጥንታዊ ዘር አልጌ ዋጠች፤ አልጌውም ሳይፈጭ አብሯት ቀረ። እርሱም ከዚያ በፊት በተራው ባክቴሪያ ውጦ ነበር። እንግዳ በእንግዳ ላይ ማለት ነው! አፒኮፕላስቱ በ4 ሽፋን የተጠቀለለውም ለዚህ ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ከሲድኒ ወደብ ኮራል የተገኘች፣ ክሮሜራ የተባለች የተውሳኳ ዘመድ ይፋ ሆነች፤ እርሷ ዛሬም ምግቧን ከብርሃን ትሠራለች።

አፒኮፕላስቱ ብርሃን ባያውቅም ሥራ አልፈታም። ተውሳኳ ያለ እርሱ የማታገኘውን ቅመም ይሠራላታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በካሊፎርኒያ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንኑ ቅመም በብልቃጥ ሲሰጧት፣ አፒኮፕላስቷን አጥታም በደም ውስጥ መራባት ቻለች፤ ሲከለክሏት ሞተች።

ፕሮቲን የሚሠራበት መሣሪያ እስካሁን የባክቴሪያ ዓይነት ነው። ዶክሲሳይክሊን የሚይዘው እዚያ ላይ ነው፤ ግን ቶሎ አይገድልም። መድኃኒቱ ያገኛት ተውሳክ በቀይ የደም ሴል ውስጥ የ48 ሰዓት ዑደቷን እንደ ጤነኛ ጨርሳ ትራባለች። የሚሞቱት የተበላሸ አፒኮፕላስት ይዘው አዲስ ሴል የገቡት ልጆቿ ናቸው። ስለዚህ ሐኪሞች ለመከላከያ ለመንገደኛ ቢያዙትም፣ ለታመመ ሰው ሲሰጡት እንደ ኩዊኒን ካለ ፈጣን መድኃኒት ጋር እንጂ ብቻውን አይደለም። ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ለወባ አይሰጥም።

ይህን ስንነግረው ወንድማችን በጣቱ ሰዓቱን ቆጠረ። በሰው ትከሻ ጤና ጣቢያ የደረሰው ካፕሱሉን በጀመረ በሁለተኛው ቀን ነበር።