የክትባት ምርምር በአጭር ዙር ይመራ፤ መለኪያው ግን አይለወጥ

የእንስሳትን በሽታ፣ መድኃኒትና ክትባት የሚመለከት የምርምር ፕሮጀክት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ወፍራም ሰነድ በማዘጋጀት ነው። የአምስት ዓመት ዕቅድ ይወጣል፤ በጀት ይፈቀዳል፤ ሥራው ከላቦራቶሪ ወደ ሙከራ ጣቢያ፣ ከሙከራ ጣቢያ ወደ መንደር በተራ ይወርዳል። የኤክስቴንሽን ሠራተኛውና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሚጠሩት በመጨረሻው ዓመት፣ ውጤቱ ሲሠራጭ ነው። በዚያን ጊዜ ብልቃጡ ለአነስተኛ መንጋ የማይመች መሆኑ፣ ወይም ክትባቱ የደረሰው ከብቱ ወደ ሩቅ ግጦሽ ከተሰማራ በኋላ መሆኑ ቢነገርም፣ ገንዘቡ አልቋል፤ ባለሙያውም ወደ ሌላ ሥራ ተዛውሯል። ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

የእኛ እምነት እንዲህ ያለው ምርምር በአጭር ዙር መመራት እንዳለበት ነው። ከብት አርቢውም ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ከተመራማሪው ጋር መምከር አለበት። ይህን ስንል ግን የጥንቃቄ ደንብ ይላላ ማለታችን አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራሩ ምንድን ነው?

በአጭር ዙር መሥራት ዛሬ «ኤጃይል» ወይም ቀልጣፋ አሠራር በሚባል ስም ይታወቃል። ስሙ የተስፋፋው በ2001 በአሜሪካ፣ በዩታ የተሰበሰቡ 17 የኮምፒውተር ፕሮግራም ባለሙያዎች ካወጡት አጭር መግለጫ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች የሥራ መስኮች፣ ስለ በሽታና መድኃኒት ወደሚመራመሩ ቡድኖችም ገብቷል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትልቁ ሥራ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በሚፈጁ ዙሮች ይከፋፈላል። ሥራዎቹ ያልተጀመረ፣ በመሠራት ላይ ያለና ያለቀ ተብለው ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ። የቡድኑ አባላት በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ተገናኝተው ምን እንደ ሠሩና ምን እንዳገዳቸው ይነጋገራሉ። ዙሩ ሲያልቅ የተሠራው ለተጠቃሚው ይታያል፤ የሚቀጥለው ዙር ዕቅድም ከተገኘው ትምህርት ተነሥቶ ይስተካከላል። ባጭሩ ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ምክር በሥራ ላይ ማዋል ነው።

የደስታ በሽታ ያስተማረን

ለዚህ ሐሳብ ከደስታ በሽታ ታሪክ የተሻለ ማስረጃ ለከብት አርቢ ማቅረብ አይቻልም። ይህ በሽታ በአገራችን ከ1888 እስከ 1892 ለደረሰው ክፉ ቀን ዋና መነሻ ነበር። የእርሻ በሬ አለቀ፤ መሬቱ ጦም አደረ፤ ሕዝቡም በረኃብ ተጎዳ።

በ1960 ገደማ እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ፣ በሙጉጋ ላቦራቶሪ፣ አስተማማኝ ክትባት አዘጋጀ። አንድ ጊዜ በትክክል የተከተበ ከብት ዕድሜውን ሙሉ ከበሽታው ይጠበቃል። ከ1962 እስከ 1976 የቆየው የአፍሪካ የጋራ ፕሮጀክት ቁጥር 15 በዚህ ክትባት ሰፊ ዘመቻ አካሄደ፤ በሽታውም በብዙ ቦታ ጠፋ። ነገር ግን በጥቂት ራቅ ያሉ አካባቢዎች ተደብቆ ቀረና በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደገና በአፍሪካ ተዛመተ። በ1986 ሌላ አህጉራዊ ዘመቻ መጀመር ግድ ሆነ።

የጎደለው ምን ነበር? ክትባቱ በላቦራቶሪ ሲለካ ጥሩ ነበር። ሆኖም እስከሚወጋበት ሰዓት ድረስ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። መኪና በማይገባበትና በረዶ በማይገኝበት ቆላ ያለው መንጋ አልተዳረሰም። ክትባቱ ይሠራል ወይ የሚለው ጥያቄ ተመልሷል፤ ከከብቱ ዘንድ ሳይበላሽ ይደርሳል ወይ የሚለው ግን የዘመቻ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ለብዙ ዓመታት ቆየ። ጥያቄው ቶሎ ወደ ላቦራቶሪ ተመልሶ ቢሆን ኖሮ፣ ለሁለተኛ ዘመቻ የወጣው ገንዘብና በመካከሉ ያለቀው ከብት በተቀነሰ ነበር ብለን እናምናለን።

በኋላ ግን ጥያቄው ተመለሰ። አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ጄፍሪ ማሪነርና ባልደረቦቹ በ1990 ገደማ ሙቀት የሚቋቋም ክትባት አዘጋጁ። ይህም በመስክ እስከ 30 ቀን ያለ ማቀዝቀዣ ሊቆይ የሚችል ነው። ቀጥሎ ማን ይከትብ የሚለው ጥያቄ መጣ። በ1994 በአፋር ከኅብረተሰቡ የተመረጡ 20 የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ሠልጥነው 73,000 ያህል ከብቶችን ከተቡ። ሥራው በደም ምርመራ ሲታይ ከ100 ከብት 83ቱ ክትባቱ ይዟቸው ተገኘ። ከኅዳር 1995 በኋላ በዚያ አካባቢ በሽታው ተቀስቅሶ አልታየም። ኢትዮጵያ በ2008 ከደስታ በሽታ ነጻ መሆኗ በዓለም አቀፍ ደረጃ ታወቀ፤ በ2011 ደግሞ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

በዚያን ጊዜ ይህን ሥራ ኤጃይል ብሎ የጠራው አልነበረም። ቁም ነገሩ ግን አንድ ነው። ጥያቄው ከመስክ ተነሣ፤ ወደ ላቦራቶሪ ተመለሰ፤ መልሱ በተወሰነ አካባቢ ተሞከረ፤ በደም ምርመራ ተመዘነ።

የሚለወጠውና የማይለወጠው

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ባለሙያዎች አሉ። የኮምፒውተር ፕሮግራም ቢበላሽ ነገ ይታረማል፤ የሞተች ላም ወይም የጨነገፈች ፍየል ግን አትመለስም ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ከብት በዙር አቆጣጠር አትፀንስም፤ ሰውነቷም ለክትባት መልስ እስኪሰጥ ሳምንታት ይፈልጋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ይሁን እንጂ አጭር ዙርና ችኮላ አንድ አይደሉም። በሰው ሕክምና በኩል የታየውን እንመልከት። በመጋቢት 2020 በእንግሊዝ አገር «ሪከቨሪ» የተባለ ትልቅ የኮቪድ 19 መድኃኒት ሙከራ ተጀመረ። ብዙ መድኃኒቶች በአንድ ሥርዓት ጎን ለጎን ይመዘኑ ነበር። ሰኔ 5 ቀን ሃይድሮክሲክሎሮኪን ጥቅም እንዳላሳየ ተነግሮ ያ ክፍል ቆመ። ሰኔ 16 ቀን ደግሞ ርካሹ ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱት ሕሙማን መካከል ሞትን በ3ኛ ያህል እንደሚቀንስ ታወቀ። ይህን ሁሉ በሦስት ወር ለመወሰን የተቻለው፣ መለኪያው አስቀድሞ ስለ ተጻፈና ከተመራማሪዎቹ ውጭ የሆነ ኮሚቴ ውጤቱን ይከታተል ስለ ነበረ ነው።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ከዙር ወደ ዙር ሊለወጡ የሚገባቸው የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ/ የክትባቱ ወቅትና ቦታ፤
ለ/ የብልቃጡ መጠንና አስተሻሸጉ፤
ሐ/ የሥራ ክፍፍሉና የሥልጠናው ዓይነት፤
መ/ ለአርቢው የሚሰጠው ማስረጃ።

በየዙሩ የማይነኩት ደግሞ እነዚህ ናቸው፦

ሀ/ የክትባቱ ደኅንነትና የኃይል ምርመራ፤
ለ/ አስቀድሞ የተጻፈው የውጤት መለኪያ፤
ሐ/ ባለ ከብቱ ሙከራ መሆኑን አውቆ የሚሰጠው ፈቃድ፤
መ/ የሞተውንም የዳነውንም እኩል የሚመዘግብ መዝገብ።

ዛሬ ምን ይደረግ?

ጉዳዩ የታሪክ ብቻ አይደለም። የደስታ በሽታ የቅርብ ዘመድ የሆነውን የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት በ2015 በአቢጃን ዓለም አቀፍ ስልት ወጥቷል። ጊዜው ቅርብ ነው። ሊከተብ የሚገባው እንስሳ ደግሞ ብዙ ነው፤ ቶሎ ይዋለዳል፤ ቶሎም ይሸጣል። የበሬው ዘመቻ ዕቅድ እንዳለ ቢገለበጥ ለፍየል አይበጅም። በየዙሩ እየተማሩ መሥራት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ስለሆነም፣

1ኛ/ የኤክስቴንሽን ሠራተኛው በየዙሩ መጨረሻ አንድ ገጽ ብቻ ይጻፍ። ስንት ብልቃጥ ደረሰ? ስንቱ ተከፍቶ ባከነ? ስንት እንስሳ ተከተበ? ያልመጡት ለምን ቀሩ? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከሁሉም ይበልጣል።

2ኛ/ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በግምገማው የሚቀመጡ ሁለት አባላት ይምረጡ። ፍየልና በግ በአብዛኛው በሴቶች እጅ ስለሆነ አንዷ ሴት ትሁን። ተመራማሪውንም ባለፈው ዙር ምን ተማራችሁ? ምን ለወጣችሁ? እኛ ያመለከትነው ከምን ደረሰ? ብለው ይጠይቁ።

3ኛ/ ማንም በራሱ ፈቃድ ክትባቱን አብዝቶ አይበጥብጥ፤ ያደረ ብልቃጥም አይጠቀም። አሠራርን ማሻሻል በስብሰባ እንጂ በመርፌ ጫፍ አይደለም።

4ኛ/ በጀት የሚፈቅዱ መሥሪያ ቤቶች በዙር መካከል ዕቅድ ለማስተካከል ቦታ ይተዉ። የማይረባ ሙከራን በጊዜ ማቆም ገንዘብ ማዳን ስለሆነ እንደ ጥፋት አይቆጠር።

ተመራማሪው ቫይረሱን ያውቃል፤ አርቢው መንጋውን ያውቃል። የሁለቱ ዕውቀት በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ሳይሆን በየወሩ ቢገናኝ፣ ቀጣዩ ክትባት ሲወጣ መንገዱን የሚያውቅ ይሆናል።