የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው

ባለፈው ዓመት በአንድ ትምህርት የጥናት ጽሑፍ እንድናቀርብ ታዘዝን። ርእሱን የምንመርጠው እኛው ነበርንና፣ እኔም ከባሕር ዳር ዳርቻ ሆኖ ለሚመለከት ሰው በዓይን ስለምትታየው ስለ ክብራን ገብርኤል የብራና መጻሕፍት ልጽፍ ተነሣሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በመደርደሪያዎች መካከል ተመላለስሁ። ያገኘሁት ሁለት የጎብኚ መምሪያና ከእኔ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ከዚያው መምሪያ የገለበጡትን ጽሑፍ ነበር። እኔም ገለበጥሁ፤ ማለፊያ ነጥብም አገኘሁ።

ነገሩ ካለፈ በኋላ ከአንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጋር ስንጫወት፣ ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባሉ ሊቅ የዚያችን ደሴት መጻሕፍት አንድ በአንድ ዘርዝረው በ1973 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ ማሳተማቸውን ነገሩኝ። አፈርሁ። የዓባይ ልጅ ውሃ ጠምቶት መሞቱ ይህ አይደለምን?

ጥፋቱ አስቀድሞ የእኔ ነው፤ አልጠየቅሁምና። ነገር ግን ጠይቁ ያለንም አልነበረም። ስለ ቤተ መጻሕፍት የሚነገረን በአዲስ ገቢነታችን ሰሞን ነው፤ ይኸውም በሩ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ መጽሐፍ ለስንት ቀን እንደሚዋስ ነው። የጥናቱ ጽሑፍ በሚታዘዝበት ጊዜ ግን ያ ሁሉ ተረስቷል፤ ባይረሳም አይበቃም።

መጽሐፍ መፈለግ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ስለ አገራችን የሚያጠና ተማሪማ ከሌላው ይልቅ ያስፈልገዋል። ምሳሌ ልስጥ። በዲዊ አከፋፈል የኢትዮጵያ ታሪክ በ963 ቁጥር ሥር ይገኛል፤ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አከፋፈል ግን «ዲቲ» በሚሉት ሁለት ፊደላት ሥር ነው። የአገራችን ደራስያን በአንዱ ዝርዝር በራሳቸው ስም፣ በሌላው በአባታቸው ስም ይመዘገባሉ። ስለዚህ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1972 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ያሳተሙትን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ የሚሻ ተማሪ፣ «ታደሰ» ብሎ ቢያጣው «ታምራት» ብሎ መሞከር አለበት። ሐይቃችንም እንደዚሁ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል በእንግሊዝኛው ቅጂ «ጻና» ተብሎ ተጽፏል፤ የእንግሊዝ ቆንስላ የነበሩት ቺዝማን በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ግን «ጣና» ይላል። አንዱን አጻጻፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሌላው እንደሌለ ይቆጥራል።

«ዛሬ ሁሉ በስልክ ይገኛል» የሚሉ ጓደኞች አሉ። መሣሪያው ጠቃሚ መሆኑን አልክድም። ሆኖም የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው። በምን ስም፣ በየትኛው አጻጻፍ፣ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሚጠየቅ ካላወቅን፣ ካርድ ከሞላው መሳቢያ ፊት ቆሞ ከሚደናገረው የድሮ ተማሪ በምን እንሻላለን?

እንግዲህ የምለው ይህን ነው። የጥናት ጽሑፍ የሚያዝዝ መምህር ሁሉ ትእዛዙን ከመስጠቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ከቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ጋር ይመካከር፤ ርእሶቹን ያሳየው። ባለሙያውም ለእነዚያ ርእሶች የሚሆኑትን መጻሕፍትና መጽሔቶች አስቀድሞ ይመርምር። ከዚያም አንድ የክፍል ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይሁን፤ በዓመቱ መጀመሪያ ሳይሆን ጽሑፉ በታዘዘበት ሳምንት። የተራበ ሰው የእንጀራ ነገር ሲነግሩት ያዳምጣልና። ተማሪው ንግግር ሰምቶ ብቻ አይውጣ፤ በገዛ ርእሱ ሦስት ምንጭ ፈልጎ፣ የት እንዳገኘ ጽፎ፣ ለመምህሩ አሳይቶ ይውጣ። መምህሩም ተማሪዎቹን አስረክቦ ወደ ቢሮው አይሂድ፤ እዚያው ይቆይ። እሱ ከሄደ ተማሪው ነገሩን እንደ ትርፍ ሥራ ይቆጥረዋል።

«ትምህርቱን ለመጨረስ ጊዜ አይበቃም» የሚሉ መምህራን እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ነገር ግን ተገልብጦ የመጣ ሃምሳ ጽሑፍ አንብቦ ማረም ከአንድ ሰዓት የበለጠ ጊዜ አይፈጅምን? የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ጥቂት ናቸው ለሚለውም መልስ አለ። በጎጃም ቅኔ ቤቶች መምህሩ ሁሉን ብቻውን አያስተምርም፤ የበሰለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ታናሹን ይረዳል። እኛም ማኅበር አለን። ከከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ፈቃደኞችን መርጠን፣ ከባለሙያው ተምረው በየክፍሉ እንዲረዱ ማድረግ አያቅተንም።

ይህ አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ቀን እንዲቆርጡ ነው። የማኅበራችን መሪዎች ጉዳዩን ለትምህርት ክፍሎች ያቅርቡልን፤ መምህራንም በሚመጣው ሴሚስተር በአንድ ክፍል እንኳ ይሞክሩት። እኔ የክብራንን ጽሑፍ እንደገና ጀምሬአለሁ። ነጥብ አያስገኝልኝም፤ ይሁን እንጂ ያን የተገለበጠውን በስሜ ትቼው ብሄድ ደስ አይለኝም።