«በአባቱ ነው የወጣው» ከማለታችን በፊት

የትምህርት ዘመን በተጀመረ ቁጥር ከአፀደ ሕፃናት ቅሬታ የደረሳቸው ወላጆች ሐኪም ዘንድ ይመጣሉ። «ዶክተር፣ ልጃችን ይነክሳል፣ ይማታል። ቤተሰቡ ‹በአባቱ ነው የወጣው› ይላል። እውነት በዘር ይተላለፋል?» ብለው ይጠይቃሉ።

መልሱ «በከፊል አዎ» ነው። በካናዳ ኩቤክ ግዛት በ19 ወር መንትዮች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት፣ በልጆች መካከል በመማታትና በመንከስ ረገድ ከታየው ልዩነት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ከዘረ መል ጋር አያይዞታል። የሚወረሰው ግን ቶሎ የመቆጣትና ስሜትን ለመግታት የመቸገር ዝንባሌ እንጂ ጠበኝነት ራሱ አይደለም።

ዝንባሌው ወዴት እንደሚያመራ አስተዳደግ ትልቅ ድርሻ አለው። በኒውዚላንድ ዱኒዲን ከተማ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ክትትል የተደረገላቸውን ልጆች የሚመለከት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነ ጥናት ይህን ያሳያል። አንድ የታወቀ ዘረ መላቸው ዝቅተኛ አሠራር ያለው ወንዶች በልጅነታቸው በደል ከደረሰባቸው፣ ካደጉ በኋላ ወደ ጠበኝነት የማዘንበል ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ያው ዘረ መል ኖሯቸው በደል ሳይደርስባቸው ባደጉት ላይ ግን ይህ አልታየም። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉ በውጤቱ ባይስማሙም፣ በደል ልጅን እንደሚጎዳ አያጠያይቅም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ከሁለት እስከ አራት ዓመት መማታት በብዙ ልጆች ላይ የሚታይ ነው፤ አንደበታቸው ሲፈታና ስሜታቸውን መግታት ሲማሩ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ልጁ መማር ያለበት መማታትን መተው ነው። ይህን የሚያስተምረው ደግሞ እኛ ነን።

እኛስ ምን እያስተማርን ነው? ሕፃኑ እንግዳ በጥፊ ሲመታ «አንበሳ!» ብለን እንስቃለን። ተመትቶ ሲመጣ «አንተም ምታው» እንለዋለን። በማግሥቱ ጎረቤት ሲከስ በቁንጥጫ ወይም በበርበሬ ጭስ እንቀጣለን። ልጁ ከዚህ ሁሉ የሚማረው ጉልበት ያለው እንደሚመታ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በቤት ውስጥም ይህን መንፈስ መከተል ለጤናቸው ይበጃል።

ታዲያ ሲማታ ምን ያድርጉ? እጁን ሳያሳምሙ ይያዙና ዝቅ ብለው «መማታት አይቻልም፤ ያማል» ይበሉት። ስሜቱን በቃል ይንገሩለት፤ «ኳሱን ስለወሰደብህ ተናደሃል» ይበሉት። ሳይማታ ሲጠይቅ ያመስግኑት። በቂ እንቅልፍ ያግኝ፤ ፊቱም ላይ አትጣሉ።

ንግግሩ ከዘገየ፣ ሲጠሩት የማይሰማ ከመሰለ፣ ራሱን ወይም ሌላውን የሚያቆስል ከሆነ፣ ወይም አምስት ዓመት አልፎትም ካልቀነሰ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። የመስማት ችግር እንኳ ልጅን ቁጡ ሊያደርግ ይችላል።

ደሙን መለወጥ አንችልም፤ የሚያድግበትን ቤት ግን እንችላለን።