የእንግዳ ጨዋታ፤ ማን ይቅደም?

ከሁለት ሳምንት በፊት በዋለው እሑድ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሁለት እንግዶቻችን በአንድ ጊዜ ደረሱና በደጃችን ላይ ቆመው ቀሩ። አንዱ «ይለፉ፤ ጌታዬ» ይላሉ፤ ሁለተኛው «ኧረ አይሆንም፤ እርስዎ እያሉ እኔ?» ብለው ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ። ዝናቡ ግን የሁለቱንም ትሕትና ሳይመለከት ይወርድ ስለ ነበረ ልብሳቸው ራሰ። በመጨረሻ ባለቤታችን ከረከቦቱ አጠገብ ሆነው «አፈር ስሆን፤ ተያይዛችሁ ግቡ!» ባሏቸው ጊዜ፣ ተያይዘው ቢገቡ በበሩ መካከል ትከሻ ለትከሻ ተጣበቁ። እኛም «ኖር» ብለን ተነሣን፤ እነርሱም ከተጣበቁበት ሳይላቀቁ «በእግዜር» አሉን።

ስለ እንግዳ አቀባበል በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ይሁን እንጂ የጻፍነው ሁሉ ስለ ምግቡ፣ ስለ መጠጡና ስለ መቀመጫው ነበረ እንጂ ስለ ጨዋታው አልነበረም። በእኛ አስተያየት እንግዳን በገበያ ዋጋና በበሽታ ወሬ ብቻ ማስተናገድ ወጡን ያለ ጨው እንደ ማቅረብ ነው። እንግዳ የሚወደው ጥያቄ፣ ሲጀመር የሚያስቅ፣ ሲቈይ ግን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ዓይነት ነው።

ከሁለቱ እንግዶቻችን አንደኛው ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ የኔታ ናቸው። ሁለተኛው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከ30 ዓመት በላይ አገልግለው ጡረታ የወጡ ወዳጃችን ናቸው። ቀድሞ መጥቶ ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠው የእኅታችን ልጅ ደግሞ ስለ እንስሳት ጠባይና አፈጣጠር የሚያስተምር ወጣት ነው፤ እርሱም በበሩ ላይ የሆነውን አይቶ «ይህ እኮ የዶሮና የእንቁላል ነገር ሆነ» ብሎ ሳቀ።

የኔታ ገና ጋቢያቸውን ሳያስተካክሉ ፍርዱን ሰጡ። «ይህ ምን ያከራክራል? በኦሪት አዕዋፍ የተፈጠሩት በአምስተኛው ቀን፣ በሐሙስ ነው። እንግዲህ ዶሮዋ ሐሙስ ተፈጠረች፤ እንቁላሉ ቢፈጥን ቢፈጥን ዓርብ ይወለዳል።»

ባለቤታችንም ቡናውን እየቀዱ «ዓርብ ከተወለደማ ጾም ነው፤ የሚበላውም የለ» አሉ።

ወጣቱ ግን አልተሸነፈም። ወፍ የሚባል ፍጥረት በምድር ላይ ሳይታይ ዓሦችና በደረታቸው የሚሳቡ እንስሳት ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት እንቁላል ሲጥሉ እንደ ኖሩ አስረዳ፤ ስለዚህ እንቁላል ቀዳሚ ነው። ዛሬ በየቤቱ የምናረባት ዶሮ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ከሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ የወረደች ናት። ይሁን እንጂ ለውጡ በብዙ ትውልድ፣ ቀስ በቀስ፣ ከእናት ወደ ጫጩት የማይታይ ሆኖ የመጣ ስለ ሆነ፣ «ትናንት የዱር ነበረች፤ ከዛሬ ጧት ጀምሮ የቤት ዶሮ ሆነች» የሚባልበት አንድ ቀን ፈጽሞ አይገኝም አለ።

«እናንተ ሁላችሁ ድስት አታውቁም» አሉ ባለቤታችን። «ዶሮዋ 12 ብልት ሆና ቀድማ ትገባለች፤ እንቁላሉ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይከተላል። ተፈጸመ።»

በዚህ ጊዜ እኛም ያነበብነውን ለማሳየት ቸኰልን፤ (የቤት ጌታ እንዲህ ያለውን ድካም ይቅር ይባላል።) ከ1900 ዓመት ገደማ በፊት በግሪክ አገር በኬሮንያ ከተማ የኖረው ፕሉታርክ፣ በማዕድ ላይ ስለሚነሡ ጥያቄዎች ዘጠኝ መጻሕፍት ጽፏል። ይህችው የዶሮና የእንቁላል ጥያቄ በሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ ትገኛለች። የተነሣችበትም ምክንያት ፕሉታርክ ባየው ሕልም የተነሣ እንቁላል መብላት ትቶ ስለ ነበረ፣ በማዕዱ የነበሩት ወዳጆቹ ስላፌዙበት ነው። ከእነርሱም አንዱ ሱላ የተባለው፣ በዚህች ትንሽ ጥያቄ እንደ መሣሪያ ተጠቅመን ታላቁንና ከባዱን የዓለምን አፈጣጠር ልንነቀንቅ ነው ብሎ ከክርክሩ ወጣ።

የዚህኑ ሰው ሌላውንም ታሪክ ጨመርንላቸው። ወንድሙ ጢሞን ብዙ እንግዶች በጠራ ጊዜ፣ እያንዳንዱ በወደደው ስፍራ እንዲቀመጥ ፈቀደ። ኋላ አንድ የውጭ አገር ሰው ልብሱን አሸብርቆ፣ አሽከሮቹን አስከትሎ መጣና ከበሩ ላይ ሆኖ የተቀመጡትን ሁሉ ቃኝቶ፣ ለእኔ የሚገባ ስፍራ አልቀረም ብሎ ሳይገባ ተመለሰ። አባታቸውም ጢሞንን ስለ ሥርዓት ጕድለቱ ነቀፈው። የኔታ ይህን ሲሰሙ «ያ ሰው ከእኛ አገር ቢመጣ ኖሮ በሩ ላይ እስከ ማታ ይቆም ነበር» ብለው እጅግ ሳቁ።

ወዳጃችን ግን አልሳቁም። ስኒያቸውን በእጃቸው እንደ ያዙ ወደ ወጣቱ ዘወር ብለው «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ልጄ» አሉት። «የመጀመሪያይቱ ዶሮ ይህች ናት የምትባልበት ቀን ከሌለ፣ የጠብም የመጀመሪያው ቀን ላይገኝ ይችላል ማለት ነው?»

ወጣቱ «ይህስ ከእኔ ትምህርት ውጭ ነው፤ ጋሼ» አለ።

ነገሩን ሁላችንም እናውቀው ነበረ። በደብረ ብርሃን ስለሚገኘው ስለ አባታቸው ቤት፣ ወዳጃችንና ታናሽ ወንድማቸው ከተቀያየሙ 11 ዓመት ሆኗቸዋል። ታናሽየው «ክፉ ቃል የተናገረኝ እርሱ ነው» ይላል፤ ታላቅየው «ከቃሌ በፊት የእርሱ ደብዳቤ ነበረ» ይላሉ፤ ታናሽየው ደግሞ ከደብዳቤው በፊት የሆነ ሌላ ነገር ያነሣል። እንዲህ እየተባለ ወደ ኋላ ቢኬድ የሁለቱም የልጅነት ዘመን ይደረሳል።

የኔታ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ዳኛ ብሆን መጀመሪያውን እፈልገው ነበረ፤ እኔ ግን ሽማግሌ ስለ ሆንሁ የምፈልገው መጨረሻውን ነው» አሉ።

«ታላቅ እኔ ነኝ፤ እርሱ ይቅደም እንጂ!» አሉ ወዳጃችን።

ባለቤታችን ጀበናውን አስቀመጡ። «እንደምን ያለ ነገር ነው! በበር ሲሆን ሁሉ ሰው ታላቁ ይለፍ ብሎ ይለምናል፤ ለዕርቅ ሲሆን ግን ታላቁ ራሱ ታናሽ ይለፍ ይላል። ዛሬ ዝናብ ያስደበደባችሁ ክብር ለዚህ ጊዜ የት ገባ?»

መልስ አልተገኘም። እኛም ከቤት ጌታ የሚጠበቀው ነገሩን ወደ ሌላ ማዞር ነው ብለን ስለ ዝናቡ ጀመርን፤ የሰማን ግን የለም፤ ደግሞም ባይሰሙን ይሻል ነበረ። ወዳጃችን ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ክንዳቸው እስኪያልቅ ድረስ ከዓይናቸው አራቁት። (ሽማግሌ ጽሕፈት ሲያነብ ለምን ከዓይኑ ያርቃል የሚለውም ከፕሉታርክ ጥያቄዎች አንዱ ነው፤ ዛሬ ግን በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ በዕድሜ ብዛት እየጠነከረ ስለሚሄድና ለቅርብ ነገር መታጠፍ ስለሚሳነው እንደ ሆነ ታውቋል።) እንዲያም ሆኖ ማንበብ ስላልተቻላቸው ስልኩን ለወጣቱ ሰጡት።

«ቁጥሩን ብቻ ጮኸህ አንብብልኝ፤ እኔ በወረቀት እጽፈዋለሁ። አንተ እንዳትደውል» አሉት።

ወረቀቱን አጥፈው በደረት ኪሳቸው አኖሩ፤ በረካውንም ሳይጠብቁ ተነሡ። በደጅ የኔታ እንደ ልማዳቸው «ይለፉ» ባሏቸው ጊዜ ያለ አንዳች ክርክር ቀድመው ወጡ። ባለቤታችን ይህን አይተው ወደ እኛ ተመለከቱ፤ እኛም ምንም አላልንም።

ባለፈው እሑድ ወንበራቸው ባዶ ነበረ። የኔታ ብቻቸውን ስለ መጡ በበሩ የሚከራከራቸው አጥተው ጥቂት ግራ ተጋቡ። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ስልክ ተደወለ፤ ወዳጃችን ከደብረ ብርሃን ኖረዋል። ባለቤታችን ደኅንነታቸውን ጠይቀው እንደምን እንደ ተቀበሏቸው ቢጠይቋቸው እንዲህ አሉ።

«ዶሮዋስ ታርዳልኛለች፤ እንቁላሉንም ቀድሜ በላሁ። የቤቱን ነገር ግን ገና አላነሣነውም። ከጧት ጀምሮ እርሱ «ወንድም ጋሼ፣ አንተ ጀምር» ይላል፤ እኔም «የለም፤ አንተ ጀምር» እላለሁ።»