ነባር ዝርያ ገዢ ይፈልጋል

በጣሊያን ቫሌ ዳኦስታ ክልል፣ ከሞንብላን ተራራ ሥር ባሉት ሞርዤና ላ ሳል፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ900 እስከ 1 ሺህ 200 ሜትር ላይ ወይን ይለማል። ዝርያው ፕሪዬ ብላን የተባለ የአካባቢው ነባር ነጭ ወይን ነው፤ ቶሎ ይደርሳል። የአውሮፓን ወይን ያወደመው ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ እዚያ ስላልዘለቀ፣ ተክሉ ዛሬም በሌላ ግንድ ላይ ሳይዳቀል በገዛ ሥሩ ይበቅላል። የመሬቱ ሙቀት ለፍሬው እንዲተርፍ ዳሱ ዝቅ ተደርጎ ይሠራል።

እኔን የገረመኝ ግን ከፍታው አይደለም። አነስተኛ ማሳ ያላቸው ገበሬዎች ፍሬውን ለኅብረት ሥራ ማኅበራቸው መጥመቂያ ያስረክባሉ፤ ወይን ጠጁም በመንደሮቹ ስም ይሸጣል። ገዢ የሌለው ዝርያ፣ ስለ ጥበቃው የቱንም ያህል ስብሰባ ቢካሄድ፣ ከማሳ ይወጣል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶቻችንም ነባሩን የደጋ ገብስ በአካባቢው ስም የሚረከብ ማኅበር በዘንድሮው ዕቅዳቸው ያካትቱ።